በሩ ከፍ ያለ ጎጆ፦ ቤተሰብ ይዞ በጂንካና በቱርሚ ሎጆች ማደር

የሐመር ቤት በሩ ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ብለው፣ ረዥም ከሆኑ ደግሞ ለመንበርከክ ትንሽ ሲቀርዎት ይገባሉ። በቱርሚ ከተማ ዳርቻ የተሠሩት ሎጆች ክብ ቅርጹንና ሹል የሣር ክዳኑን ከዚሁ ቤት ወስደዋል፤ በሩን ግን ከፍ አድርገውታል። ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣው እንግዳ ቀና ብሎ እንዲገባ ነው። በሐመር ቤት ውስጥ የፍየል ቆዳ በሚነጠፍበት ቦታ እዚህ ነጭ አንሶላ የለበሰ አልጋ፣ ከጣሪያው የወረደ አጎበርና መታጠቢያ ቤት ይጠብቁዎታል።

«ባህላዊ ሎጅ» ማለት በአገራችን ይኸው ነው፤ መልኩ የአካባቢው፣ ምቾቱ የከተማ። በዚህ የሚያሾፉ ሰዎች አሉ። ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን ያ ነጭ አንሶላና ያ አጎበር ቀልድ አይደሉም። ሁለት ሌሊት ሊያድሩ ያሰቡበት አገር አራት ሌሊት እንዲቆዩ የሚያስችሉዎት እነሱ ናቸው። ደቡብ ኦሞ ደግሞ ከመኪና መስኮት ሲያዩት አንድ ነገር፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዩት ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ልጆችዎ የጎበኙትን ሕዝብ እንደ ትርኢት ወይም እንደ ጎረቤት አስታውሰው መመለሳቸው በአብዛኛው የሚወሰነው እርስዎ ስንት ቀን እንደቆዩና ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉት ነው።

ስለ ጊዜው እናንሣ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ክረምት ሲባል ደግሞ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ጭቃና ጉም ስለሚታየን ልጆቹን ከቴሌቪዥን ፊት እናስቀምጣለን። የደቡብ ኦሞ ቆላ የዝናብ አቆጣጠር ግን ከእኛ ይለያል። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ አነስተኛው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ፣ እኛ ዘንድ ጃንጥላ ከእጅ በማይለይበት ወቅት፣ ቱርሚ በአብዛኛው ደረቅና ከበጋው ይልቅ ለስለስ ያለች ናት። ጂንካ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በክረምትም ካፊያ አያጣትም፤ ስስ ሹራብ ይበቃታል። በመጋቢትና በግንቦት መካከል ግን ልጅ ይዘው አይሞክሩት። አሸዋ ብቻ የነበረው ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ መንገድ ይዘጋል።

ጂንካ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይበርርባታል። የድሮዋን ጂንካ የሚያውቁ ሰዎች የአውሮፕላን ማረፊያውን ሲያነሡ ይስቃሉ፤ ሣር የለበሰ ሜዳ ሆኖ በከተማዋ መካከል ተዘርግቶ ነበርና አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቱና ኳስ የሚጫወተው ልጅ ሁሉ መባረር ነበረበት። አሁን አገልግሎት የሚሰጠው በባኮ ስም የሚጠራው አዲሱ ማረፊያ ነው። የእኔ ምክር በመኪና ሄደው፣ አቅምዎ ከፈቀደ፣ በአውሮፕላን መመለስ ነው። መንገዱ ራሱ ልጆቹን ያዘጋጃቸዋልና። አርባ ምንጭ ላይ አንድ ሌሊት ይደሩ። ፓራዳይዝ ሎጅ ገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ጠዋት ሲነሡ አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ከፊትዎ ተዘርግተው ያገኟቸዋል።

ኮንሶ ላይ ደግሞ አይቸኩሉ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የተሠራባቸው የእርከን ማሳዎቹና በድንጋይ ካብ የታጠሩ ጥንታዊ መንደሮቹ ነበሩ ምክንያቶቹ። በእነዚህ መንደሮች ውስጥ ሲዘዋወሩ ጠባቧ የድንጋይ መተላለፊያ ወደ አንድ አደባባይ ታወጣዎታለች፤ እዚያ ሞራ የሚባለውን የጋራ ቤት ያያሉ። ከሥሩ ክፍት፣ ከላዩ ትልቅ የሣር ክዳን የደፋ ቤት ነው። ወጣት ወንዶች ሌሊት ያድሩበታል፤ ቀን ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ከሩቅ የመጣ ወንድ እንግዳም ያርፍበታል። ሒሳብ የሌለው ሆቴል ይበሉት። ምሽቱን በከተማው ዳር ካለው ካንታ ሎጅ ሣር ክዳን ሥር ሲቀመጡ ልጆችዎ የሁለቱን ጣሪያዎች ዝምድና ሳይነገራቸው ያስተውሉታል። ካላስተዋሉም ይጠይቋቸው፤ ጥሩ የእራት ጨዋታ ይወጣዋል።

ከኮንሶ በኋላ መንገዱ ወደ ወይጦ ቆላ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጀምራል። ቀይ አፈር ሲደርሱ ይለያያል፤ አንዱ ሽቅብ ወደ ጂንካ፣ ሌላው ቁልቁል ወደ ዲመካና ቱርሚ። ብዙ ሰው ወደ ቱርሚ ይቸኩላል። እኔ መጀመሪያ ጂንካን እመርጣለሁ።

ጂንካ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በተዋቀረው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የምትገኝ፣ አረንጓዴ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ከቀድሞዎቹ ሆቴሎች በተጨማሪ ኢኮ ኦሞን የመሰሉ፣ በዛፎች መካከል የድንኳን ክፍል የሚያከራዩ ሎጆች አሏት። ድንኳን ስልዎት የልጅነት ካምፕዎ አይምጣብዎት፤ አልጋም መታጠቢያም ያለው ነው። ልጆች ይወዱታል። እናቶች መጀመሪያ ዚፑን ደጋግመው ይፈትሻሉ፤ ከዚያ እነሱም ይወዱታል።

የመጀመሪያውን ጠዋት ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ላለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ይስጡት። በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመ፣ ለብዙ ዓመታት ከሐመሮች ጋር የኖረው አንትሮፖሎጂስት ኢቮ ሽትሬከር ብዙ የደከመበት ተቋም ነው። ትልቅ አይደለም። ነገር ግን የሐመርን፣ የበናን፣ የአሪን፣ የሙርሲን፣ የዳሰነችንና የሌሎቹን የቤት ዕቃ፣ ጌጥና መቀመጫ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በደቡብ ኦሞ አሥራ ስድስት ብሔረሰቦች እንደሚኖሩ ዘወትር ይነገራል፤ ልጆችዎ እዚህ ውለው ከወጡ በኋላ ገበያ ላይ የሚያዩትን ሰው «ያቺ የሐመር ናት፣ እሱ በና ነው» እያሉ መለየት ይጀምራሉ። ያላወቁትን ሕዝብ በጅምላ ማየት ቀላል ነው፤ ስሙን ካወቁ በኋላ ግን ይከብዳል። አንዳንድ ጊዜም ስለ አካባቢው የተሠሩ ፊልሞች ይታዩበታል፤ እንዳሉ ይጠይቁ። ለታላላቆቹ ልጆች ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፦ የኦሞ የታችኛው ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። በዚሁ በኦሞ ተፋሰስ፣ ኪቢሽ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት ዕድሜው 195,000 ዓመት ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ግን ከ230,000 ዓመት ያላነሰ አድርጎታል።

ከሰዓት በኋላውን ለአሪ መንደሮች ያድርጉት። አሪዎች በቁጥር ብዙ ሆነው ሳለ የኛ አገር ጎብኚ ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውነቱን በነጭ ኖራ አይቀባም፣ ከንፈሩ ላይ ሸክላ የለም፣ ልብሱ እንደ እኛ ነው። ግን ከጂንካ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ እንሰት፣ ቡና፣ ማንጎና ኮረሪማ በአንድ ጓሮ ያገኛሉ። ሴቶቹ ያለ መሽከርከሪያ ሸክላ ሲሠሩ፣ ቀጥቃጩ ወናፉን ሲነፋ ይመለከታሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ጭቃ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ከዚህ ጉዞ የትኛውን ቀን ልድገም ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

አሁን ወደ ቱርሚ እንውረድ። ቡስካ ሎጅ ስሙን የወሰደው ከሐመር አገር ተራራ ነው፤ ቱርሚ ሎጅም እዚያው ከተማዋ አጠገብ አለ። ግራሮች፣ ጥላ፣ ፀጥታ። እውነተኛው ቅንጦት እዚህ ሌላ ሳይሆን ጥላው ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ምንም ነገር አያቅዱ። ፀሐዩ የማይታገሉት ነገር ነው፤ ሐመሮችም በዚያ ሰዓት ዛፍ ሥር ናቸው፣ ሽማግሌው በርኩማውን ተንተርሶ ተጋድሟል። ልጆቹን ያስተኙ ወይም ካርታ ያጫውቷቸው። ስልካቸው ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል፤ ይህን እንደ ጉድለት ማየት አለማየት የእርስዎ ፈንታ ነው።

ምቾቱን በተመለከተ የሚጠብቁትን ልክ ያድርጉ። የኮከብ ቆጠራ ውስጥ አይግቡ። መብራት በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል በሚሠራበት ቦታ ማታ በተወሰነ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሎጅ ሙቅ ውሃው የመጣው እኛ በቀዝቃዛው ታጥበን ከተኛን በኋላ ነበር። ክፍል ሲይዙ ከጄኔሬተሩ የራቀ ይጠይቁ፤ አጎበሩ ቀዳዳ እንዳይኖረው በብርሃን ይፈትሹ። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ ከመነሣትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፣ በተለይ ለሕፃናት። ምግቡ በአብዛኛው ፓስታ፣ ሾርባ፣ የፍየል ጥብስ ነው፤ ምግብ የሚመርጥ ልጅ ካለዎት ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዙለት። ዋጋ ሲጠይቁም የአገር ውስጥ ጎብኚ ዋጋ እንዳለ አስቀድመው ያንሡ። ብዙ ሎጆች አላቸው፤ ካልጠየቁ ግን ላይነግሩዎት ይችላሉ።

ከሎጁ ብዙም ሳይርቁ ደረቅ ወንዝ አለ። በደረቁ ወራት ሴቶችና ልጃገረዶች አሸዋውን በእጅና በቅል እየቆፈሩ ውሃ ያወጣሉ። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ጀሪካኑም እንዲሁ። ልጆችዎን ይዘው ሄደው ትንሽ ቁጭ ይበሉ፤ ካሜራ ሳይዙ። ከዚያ ተመልሰው ገላቸውን ሲታጠቡ ስለ ቧንቧው የሚያነሡት ጥያቄ ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። እርስዎም ሎጁ ውሃውን ከየት እንደሚያገኝ፣ ለአካባቢው ሰው የሚደርሰው ነገር እንዳለ፣ ከሠራተኞቹ ስንቱ ሐመር እንደሆነ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቁ። ለአልጋ የከፈለ ሰው የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እንግዳ ከጠየቀበት ነገር ደግሞ ባለቤቱ ያስብበታል። ይህ አገር ቀላል ዓመታት አላሳለፈም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ ብዙ ከብት አልቋል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በታችኛው በኩል የኦሞ ሙላት ብዙ ዳሰነቾችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ገበያዎቹን አያምልጥዎት። ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካ ቅዳሜና ማክሰኞ፣ ቱርሚ ሰኞ፣ ጂንካ ቅዳሜ። የሎጅ ቀናትዎን በእነዚህ ዙሪያ ቢያቅዱ ያተርፋሉ። ገበያ ላይ ሁሉም ሰው ለራሱ ጉዳይ የመጣ ነው፤ ማር ሊሸጥ፣ ፍየል ሊገዛ፣ ዘመድ ሊጠይቅ። እርስዎም ገዢ ሆነው ይግቡ። ጸጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ ያሸች የሐመር ሴት ፊት ቆሞ ከመተኮር ቅሏን ገዝቶ ስለ ዋጋው መከራከር የበለጠ ያቀራርባል። አንገቷ ላይ ካሉት የብረት ቀለበቶች አንዱ ወደ ፊት የወጣ ጉጥ ካለው የመጀመሪያ ሚስት መሆኗን ያመለክታል፤ ይህንን አስጎብኚው ሹክ ይበላችሁ እንጂ በጣት አትጠቁሙ።

ወደ ፎቶው ጉዳይ ልምጣ። በደቡብ ኦሞ ፎቶ ይከፈልበታል፤ ድሮ በሁለት ብር ይቆጠር የነበረው ዛሬ በብዙ እጥፍ አድጓል። አንዳንዱ የከተማ ሰው «ገንዘብ አበላሻቸው» ብሎ ይናደዳል። እኔ አልስማማም። ሠርጋችን ላይ ለፎቶ አንሺ የምንከፍል ሰዎች ፊቱን ያከራየ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ የምንቀየምበት ምክንያት አይታየኝም። አስቸጋሪው ነገር ክፍያው ሳይሆን ሰልፉ ነው፤ መኪና ቆሞ፣ ሰው ተደርድሮ፣ ጣት እየተጠቆመ «አንተ፣ አንቺ» እየተባለ መመረጡ። ልጅዎ ያንን ሲያይ ሰውን መምረጥ ይማራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ካሜራና ስልክ ሎጁ ውስጥ ይተዉት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ቤቷ ገብተው የቡና ገለባ ፍል በቅል የጠጡላትን ሴት ፈቃድ ጠይቀው፣ ከልጆችዎ ጋር አብራ ትነሣ። የሚገባትን ይክፈሉ። ፎቶውን አሳትመው በአስጎብኚው በኩል ይላኩላት።

ሙርሲን በተመለከተ ምክሬ ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል። ከጂንካ በጠዋት ተነሥቶ፣ 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን የማጎ ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ መመለስ የተለመደ ነው። ሙርሲዎችን ለአሥርተ ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ሰዎቹ «እነዚህ መጤዎች ለምንድነው ፎቶ የሚያነሡን?» እያሉ ይጠይቁት እንደነበር ጽፏል። ለጎብኚ ሲሉም በአዘቦት ቀን የማይለብሱትን ጌጥ ይደራርባሉ። ያ አንድ ሰዓት ለማንም አይመችም፤ ለእነሱም፣ ለእርስዎም። ልጆችዎ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ከሆኑ ቢቀርባቸው አይጎዱም። ከሄዱ ግን ሙርሲኛ ከሚችል አስጎብኚ ጋር፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይሂዱ።

የሐመር የከብት ዝላይም የወላጅ ውሳኔ የሚፈልግ ነገር ነው። ወጣቱ ለአቅመ ጋብቻ መድረሱን የሚያስመሰክርበት ሥርዓት ነው፤ ራቁቱን ሆኖ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ እየተረማመደ ደጋግሞ ይሻገራል። ከዚያ በፊት ግን ሴት ዘመዶቹ ማዝ በሚባሉት፣ ቀድመው በዘለሉ ወንዶች እጅ በልምጭ ይገረፋሉ፤ ጀርባቸው ይተለተላል። እነሱ ፍቅራቸውንና ድርሻቸውን የሚያሳዩበት ነው ይላሉ፤ ሲገረፉም ቀርበው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ልጅዎ ግን የሚያየው ደም ነው። የሎጁ እንግዳ መቀበያ «ዛሬ ዝላይ አለ» ብሎ ሲያበሥርዎት ከመቸኮልዎ በፊት ለልጁ ምን ብለው እንደሚያስረዱት ያስቡ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ከሞላው አስቀድመው ነግረውት ይውሰዱት፤ በኋላም ያናግሩት። ትንሹን ግን ሎጁ ግቢ ውስጥ ጦጣ ሲያሳድድ ይዋል፤ ከወላጆቹ አንዱ አብሮት ይቅር።

ቀን ከቀረዎት ከቱርሚ ወደ ካሮዎቹ መንደር ኮርቾ ይሂዱ። መንደሩ ያለው አፋፍ ላይ ነው፤ ከሥሩ ኦሞ ተጠምዝዞ ይፈስሳል። በማለዳ ቢደርሱ ይሻላል። መንገዱ ላይ የሚያርፉበት ብዙ ነገር ስለሌለ ውሃና ምሳ ከሎጁ አስቋጥረው ይውጡ።

በሁሉም ቦታ የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ፤ ወደ መንደር ለመግባትም የሚከፈል ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ሾፌር ምንም ያህል ቢያውቅ የሐመርኛ ቀልድ አይተረጉምልዎትም። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ ሎጁ ጋ ደውለው ይጠይቁ፤ ቀይ አፈር ላይ ከመጠየቅ ቤት ሆኖ መጠየቅ ይሻላል።

የመመለሻ ቀንዎን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ካደረጉት የጂንካን ገበያ ያገኙታል። በርኩማ መግዛት ከፈለጉ ለሽያጭ የተሠራውን አዲሱን ይምረጡ፤ ሽማግሌው ተንተርሶት የኖረውን ለመግዛት አይለማመጡ፤ ችግር ይዞት እሺ ሊልዎት ይችላልና። ማሩን በደንብ በሚገጠም ዕቃ ያስቋጥሩ። ኮረሪማውን ገና ቀይ ቅርፊቱ ሳይጠፋ በክር የተሰካውን ይውሰዱ፤ ሻንጣ ውስጥም ከልጆቹ ልብስ ይለዩት፤ አንድ ጊዜ ከገባ ሽታው በአንድ እጥበት አይለቅም።